ሞጣ ዘግይቶ የደረሰው አዎ

ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ምግቡ ይመከራል፣ ስለ ብርዱ ይመከራል፣ ስለ ሌባው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይመከራል። እኔም ከቢቸና ወደ ናይሮቢ ስነሳ ምክር ሞልቶ ፈስሶልኝ ነበር። እናቴ በሱሪዬ ወገብ ውስጥ፣ ከቀበቶው ዝቅ ብሎ፣ የፓስፖርት ማስቀመጫ ኪስ ሰፋችልኝ። የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ «የሰው አገር ውሃ ሆድ ይነፋል» ብላ ነጭ ሽንኩርት ቋጠረችልኝ። ከመተማ ወዲያ አልፎ የማያውቀው ጎረቤቴ ስለ ናይሮቢ ሌቦች ሲያወራ አብሯቸው ያደገ ይመስል ነበር። አንድም ሰው ግን «ስልክህን ተጠንቀቅ፤ ከሌባው በፊት የሚዘርፍህ እሱ ነው» አላለኝም።

ኧረ ውሸቴን ነው፤ አንድ ሰው ብሎኛል። ስልክ የሚጠግነው ሙሉቀን ሱቁ ድረስ አስጠርቶኝ «ሮሚንግ አስከፍት፤ የኢትዮጵያ ቁጥርህ እዚያም ይሠራልሃል። ዳታህን ግን አውሮፕላኑ ሳይነሳ ዝጋው። ደግሞ ሰው ሲደውልልህም…» ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ የስልክ ሽፋን ይመርጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች «ማነው ውጭ የሚሄደው?» ብለው ዞር አሉ። እኔም ወደ እነሱ ዞርኩ። የቀረውን ምክር የሰማው ባንኮኒው ብቻ ነው።

የንብ ባለሙያ ነኝ። በወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ገበሬውን «የኬንያ ቀፎ እንዲህ ነው፣ የኬንያ ቀፎ እንዲያ ነው» እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ኬንያን ግን በካርታ እንኳ ለማግኘት ጣቴ ትንሽ ይንከራተታል። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ሥልጠና መጥቶ ዕጣው በእኔ ላይ ሲወጣ፣ ለሳምንት ያህል በቢቸና መንገድ ላይ ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ችግሩ ጉዞው ከሌላ ትልቅ ጉዳይ ጋር ተጋጨ። ሞጣ ውስጥ ማስተዋል የምትባል ልጅ አለች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው። ለሥራ ሞጣ ሄጄ ንብ ሲነድፈኝ የሚቀባ መድኃኒት ልገዛ ገባሁና ተዋወቅን። በሳምንቱ ተመልሼ ገዛሁ። በሦስተኛው ጊዜ እጄን ገልብጣ አየችና «ይኼ የንብ ነው የምክንያት?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን መግዛት አቁሜ እሷን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነን፤ ሽማግሌ ልልክ ቆርጬ ሳለ ሥልጠናው መጣ።

«ስመለስ ይሁን» አልኩ አጎቴን። አጎቴ አያ ካሴ ሽምግልና የሚባል ነገር ላይ ስሙ የተጠራ ሰው ነው።

«የለም!» አለኝ። «ባለ ገልባጭ መኪናው ሰውዬ ለዚችው ልጅ ሽማግሌ እያሰናዳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ እሑድ ሞጣ እገባለሁ። አንተ የትም ሁን፤ ስልክህን ብቻ ክፈት።»

ስልክህን ብቻ ክፈት! ቀላል ነገር አስመሰለው።

ናይሮቢ አርፈን ሰልፍ እንደያዝን ስልኬን ከፈትኩ። መጀመሪያ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልእክት ገባ። ደስ አለኝ፤ ገና ሳልገባ ታወቅሁ ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ስልኩ እጄ ውስጥ እንደ ቀፎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የዕድራችን የመልእክት ቡድን፣ የድሮ ክፍል ጓደኞቼ፣ የንብ አናቢዎች ማኅበር፣ በየማለዳው ረጃጅም የስብከት ቪዲዮ የሚልኩልኝ አንድ ዲያቆን፣ ሁሉም እየተግተለተሉ ገቡ። ዳታዬ ክፍት ነበራ! ያውም በሮሚንግ ዋጋ። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም ሳይመታ ሂሳቤ አለቀ። ከኋላዬ የቆሙት ሰውዬ በኋላ እንደነገሩኝ፣ እኔ ያን ጊዜ ራሴን ይዤ «ዲያቆን፣ ምነው?» እያልኩ ነበር።

ማስተዋል ከሞጣ ሆና ሂሳብ ሞላችልኝ፤ እኔም ዳታዬን ዘጋሁና ተማርኩ ብዬ ተዝናናሁ። እሑድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። አያ ካሴ ነው።

«ሄሎ! እንደምን አለህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ። እርስዎስ እንደምን አሉ?»

«ደህና ነህ ወይ? ጤናህ ደህና ነው? ብርዱ እንዴት አረገህ? እህሉ ተስማማህ?»

«ሁሉም ደህና ነው። ነገሩ እንዴት ሆነ?»

«ቆይ እንጂ! ሰላም ሳንባባል? አብረውህ ያሉት ሰዎችሳ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«የሚያስተምሩህሳ?»

«እነሱም ደህና ናቸው፣ አያ።»

«ንቦቹሳ?»

ንቦቹም ደህና ናቸው አልኩ። ከዚያ «ከእኔ ጋር የመጡት ሽማግሎች ሳያናግሩህ ቅር ይላቸዋል» አለና ስልኩን አዞረው። ሦስት ሽማግሎች ናቸው። ሦስቱም ከ«እንደምን አለህ» ጀምረው ሳያጓድሉ ጨረሱ። አንደኛው እንዲያውም የናይሮቢ ዝናብ በቅቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ስልኩ ወደ አጎቴ ተመለሰ።

«እንግዲህ ነገሩ፣ መሪጌታ አክብረው ነው የተቀበሉን። ቃላችንን ሰምተዋል። እሺም ብለዋል። ግን…»

ጢጥ አለ። ተቋረጠ።

ሂሳቤን ባይ ባዶ ነው። እኔ እኮ አልደወልኩም፤ የደወለው እሱ ነው! ለካ በሮሚንግ ጊዜ የሚደወልለትም ይከፍላል። ሙሉቀን «ሰው ሲደውልልህም…» ብሎ የጀመረው ይህንኑ ኖሯል። ያ ሁሉ የሰላምታ መዓት፣ የንቦቹ ጤና ሳይቀር፣ ከእኔ ላይ ነበር የሚቆረጠው።

አሁን እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው ከአገሩ ወጥቶ፣ የሕይወቱ ጉዳይ «እሺ ብለዋል፤ ግን» ላይ ቀርቶበታል። ግን ምን? ግን ትምህርቷን ትጨርስ? ግን ባለ ገልባጩ ቀድሟል? ግን የልጁ ቁመት? ማክሰኞ ዕለት አሠልጣኛችን መሐል ክፍል ቆሞ «የቀፎው ንግሥት ብትጠፋ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ሳላስበው «ሽማግሌ እልካለሁ» አልኩ። በእንግሊዝኛ። ሠልጣኙ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አሠልጣኙ ግን ትሑት ሰው ነውና «በባህላዊ አናቢዎች ዘንድ እንዲህም ይደረጋል» ብሎ ጻፈው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የአገሩን ሲም ካርድ ልገዛ ወጣሁ። ካረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ፊት ለፊት ዋንጂሩ የምትባል፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት በትንሽ ኪዮስክ ሲም ካርድና ሙዝ አንድ ላይ ትሸጣለች። «ፓስፖርት» አለችኝ። ፓስፖርቴ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቀበቶዬን ስፈታ ዋንጂሩ «ሚስተር! ሚስተር! ኖ!» ብላ የሙዝ ዘለላ አነሳችብኝ። ሰው ተሰበሰበ። እኔ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ፣ በአንድ እጄ ፓስፖርቴን ከፍ አድርጌ እንደ ዋንጫ አሳየሁ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ሳቋን ማቆም አቃታት፤ በወሬውም መንደሩ በሙሉ ያወቀኝ ያን ቀን ነው።

ምዝገባውም ቀላል አልሆነም። ማሽኑ የቤተሰብ ስም ካልሰጠኸኝ አለ። የእኔ ስም አለ፣ የአባቴ አለ፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ከየት ላምጣ? ጨነቀኝና የአያቴን ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቁጥር የሚመጣው መልእክት ሁሉ «ክቡር» ብሎ አያቴን የሚጠራ ሆነ። ነፍሱን ይማረውና፣ ቢቸና ገበያን እንኳ ሳይወድ በግድ ይሄድ የነበረ ሰው በስተመጨረሻ ናይሮቢ ውስጥ ስልክ አወጣ።

ዋንጂሩ «ለወር ይበቃሃል» ብላ የኢንተርኔት ጥቅል ሞላችልኝ። ደስ ብሎኝ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ስልኬ ግን ኢንተርኔት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ራሱን ማደስ ጀመረ። ካርታውን አደሰ፣ ከፍቼው የማላውቀውን የጨዋታ ፕሮግራም አደሰ፣ ከዚያ የሰባት ዓመት የንብ ፎቶዎቼን አንድ ባንድ እያነሳ ወደማላውቀው ሰማይ ሰቀላቸው። ሻዬን ሳልጨርስ የወሩ ጥቅል አለቀ። ደግነቱ፣ ከማለቁ በፊት የማስተዋል የድምፅ መልእክት ሾልኮ ገብቷል።

«ግን ያሉት ለክፉ አይደለም» ትላለች። «አባባ ‘ልጁን ራሱን አንድ ነገር ልጠይቀው’ ነው ያሉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ሽማግሎቹ ባሉበት። ጥያቄው ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገሩኝም። እኔ መግባት ስለሌለብኝ ስልኬን ለአያ ካሴ እሰጣቸዋለሁ፤ አንተ በቪዲዮ ደውል። ፊትህን እያዩ ነው መጠየቅ የሚፈልጉት። እባክህ ጸጉርህን ተቆረጥ።»

እፎይ አልኩ። ወዲያውም መልሼ ተጨነቅሁ። አንድ ጥያቄ! መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የእሳቸው «አንድ ጥያቄ» ውስጥ ስንት ጥያቄ እንደተደበቀ ማን ያውቃል? አስቀድሜ አጎቴን ልጠይቅ ብዬ በኬንያው ቁጥር፣ በቀረችኝ ጥቂት ሂሳብ ደወልኩለት። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጋብኝ። ሦስተኛ ጊዜ አንስቶ «ሌባ! ሎተሪህን ራስህ ብላው!» ብሎ ጠረቀመብኝ። አልፈረድኩበትም፤ «ከውጭ በማታውቁት ቁጥር ከተደወለ አታንሱ፣ አጭበርባሪ ነው» ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው።

የእንግዳ ማረፊያችን ነፃ ኢንተርኔት አለው። አለው የሚባለው ግን ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ በውሃ ታንከሩና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ካሉ ይጠፋል። እኔም ሳምንቱን ሙሉ እዚያ እየቆምኩ ተለማመድኩ። «እንደምን አደሩ፣ መሪጌታ» እያልኩ ለታንከሩ እጅ ስነሳ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ ትመለከተኛለች። አርብ ዕለት በር ዘግታ ነው የሠራችው።

እሑድ ደረሰ። ጸጉሬን ተቆርጬ፣ ከአንድ ጋናዊ ሠልጣኝ ኮት ተውሼ፣ ከአራት ሰዓት በፊት ታንከሩ ሥር ተገኘሁ። ያን ቀን ደግሞ አንሶላ የሚታጠብበት ቀን ኖሯል፤ ከኋላዬ ነጭ አንሶላ በሰልፍ ተሰጥቷል። ደወልኩ። አያ ካሴ አነሳ። መጀመሪያ የታየኝ ጆሮው ነው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎታል። «አያ፣ ከጆሮዎ ያንሱት! ፊት ለፊት!» አልኩ። ከዚያ ጣሪያ አየሁ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት። በመጨረሻ ስልኩ ተስተካከለና ነጭ ጥምጣምና ረጋ ያለ ፊት ታየኝ። መሪጌታ ናቸው።

አንደኛው ሽማግሌ ከጎን ብቅ ብለው «ከኋላው ያለው ነጭ ምንድን ነው? ሆስፒታል ነው እንዴ የተኛው?» ሲሉ ሰማሁ።

«ደህና ነኝ፣ አባቴ! አንሶላ ነው!» አልኩ።

«አልጋ ላይ ነኝ ይላል» አሉ ለሌላኛው።

መሪጌታ እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟቸው። «ልጄ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ይቆራረጥ ጀመር። «አንድ ነገር… ብቻ… ትመለ… ወይ?»

ገባኝ! ትመለሳለህ ወይ ነው ያሉት! ያ ሁሉ የፈራሁት ጥያቄ ይኸው ነው? ከደስታዬ ብዛት «አዎ! አዎ! አዎ!» ብዬ ጮህኩ፤ አንሶላው ላይ የነበሩ ወፎች ተነሡ።

እዚያ ማዶ የሆነውን በኋላ ነው አጎቴ የነገረኝ። የእኔ ምስል አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድርቅ ብሎ ቀርቷል። ድምፅ የለም። መሪጌታ ትንሽ ጠበቁ። መልሱ ከበደው መሰላቸው። ከዚያም ቀስ ብለው፣ እንደ አባት፣ «ወይስ ልጄ፣ እዚያው ለመቅረት አስበሃል?» ብለው ጠየቁ። ልክ ያን ጊዜ የእኔ «አዎ! አዎ! አዎ!» ሞጣ ደረሰ።

እኔ ያየሁት ይህን ነው፤ መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ተነሡ። አያ ካሴ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ስልኩ ወደቀ፣ ጣሪያው ታየኝ፣ ከዚያ የእንግዳ ማረፊያው መብራት ጠፋና ኢንተርኔቱ አብሮ ሄደ።

ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። የሆነ ነገር እንደተሰበረ ግን አውቄያለሁ። እየሮጥኩ መንገዱን ተሻገርኩ። ዋንጂሩ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው፤ ኪዮስኳን ገና እየከፈተች ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ የቀረውን በእጄ፣ ነገርኳት፤ ልጅቷን፣ አባቷን፣ ሽማግሎቹን። እንዴት አድርጌ እንዳሳየኋት አላውቅም፣ ሁሉም ገባት።

«ለመነጋገር ብቻ ከሆነ» አለችኝ፣ «ለምን ኢንተርኔት ትገዛለህ? ወደ ኢትዮጵያ መደወያ ጥቅል አለ እኮ። ደቂቃ ነው የምትገዛው።»

ስልኬን ተቀብላ ኮከብ ነካች፣ ጥቂት ቁጥር መታች፣ መሰላል ነካች። አለቀ። ዋጋው የአንድ ሻይና የሁለት ብስኩት። ሳምንቱን ሙሉ ከታንከር ጋር ያኖረኝ ነገር መፍትሔው ይኸው ነበር።

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተ የጠየቅኸኝ ኢንተርኔት ነው» አለች።

አጎቴ ጋ ደወልኩ፤ ሌባ መስዬው ዘጋው። የማስተዋል ስልክ እንደወደቀ ነው፤ አይነሳም። የቀረኝ የመሪጌታ የራሳቸው ስልክ ነው። ማስተዋል «ሌላው ሁሉ ካልሆነ ብቻ» ብላ የሰጠችኝ ቁጥር። ይህንንም እንደ አጎቴ ይዘጉታል እያልኩ መታሁት።

ገና አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

«አንጓች? አንጓችዬ?» አለኝ የሴት ድምፅ። እየሮጠ የመጣ፣ ትንፋሽ ያጠረው ድምፅ።

«አይደለሁም፣ እናቴ» አልኩ፤ የማስተዋል እናት እትየ ይታይሽ መሆናቸው ገብቶኛል። «እኔ ነኝ። ያ ልጅ። ከናይሮቢ።»

«አሃ» አሉ። ድምፃቸው ሲወርድ ሰማሁት። አንጓች ማን እንደሆነች ባላውቅም፣ እሷን ባለመሆኔ ያን ጊዜ አፈርኩ። «እዚያው እቀራለሁ አልህ አሉ። ምነው ልጄ?»

ያኔ ነው የሆነው የገባኝ። «አልቀርም! እመለሳለሁ ነው ያልኩት! መሥመሩ አዘግይቶት ነው! ሐሙስ እመጣለሁ፣ እናቴ፤ ከአውሮፕላን ወርጄ ቀጥታ ሞጣ ነው የምመጣ።»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«የፊታችን ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ።»

ስልኩን ከአፋቸው ሳያርቁ ተጣሩ፤ ጆሮዬ እስካሁን ያቃጭላል። «መሪጌታ! ይመጣል! ቀኑን ነገረኝ! ሐሙስ ይላል!»

ሩቅ ሆኖ የመሪጌታ ድምፅ መጣ። «ቀን ቆርጧል?»

«ቆርጧል!»

ዋንጂሩ በባርኔጣዋ እያራገበችኝ ትጠብቃለች። ከዚያ «ይምጣና እናየዋለን» የሚል ሰማሁ።

«ምን አሉ?» አለችኝ ዋንጂሩ።

«ና ብለዋል» አልኳት። አንድ ሙዝ ሰጠችኝ።

ሐሙስ ማልጄ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ፣ በቢቸና ሳልፍ እንኳ ሳልወርድ፣ ደብረ ወርቅን አልፌ፣ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ገባሁ። አያ ካሴ ቀድሞኝ ደርሶ መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። ሰላምታውን እዚህ ዘርዝሬ አልዘልቀውም።

መሪጌታ ቤት ስንገባ ተነሥተው ተቀበሉኝ። እጄን ያዙና ቶሎ አልለቀቁም፤ በእርግጥ ሰው መሆኔን የሚያጣሩ ይመስላሉ።

«እንግዲህ መጣህ» አሉ።

«መጣሁ፣ መሪጌታ።»

ተቀመጥን። ማስተዋል ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ ነች፤ ጫማዋ ይታየኛል። መሪጌታ «በጥያቄዬ ተቀይመህ ይሆናል» አሉ። «ታላቂቱ ልጄ አንጓች ‘ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ አባባ’ ብላ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። ይኸው ስድስት ዓመቷ። መቼ ነው የምትመጪ ስላት ‘እመጣለሁ’ ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ ቀኑን ነግራኝ አታውቅም። ሁለተኛዋንም መንገድ እያየች እንድትኖር አልፈለግሁም። ይኸው ነው።»

አጎቴ እንኳ፣ የሽምግልና ቃል የማይጠፋበት ሰው፣ ወለሉን ነው ያየው።

እትየ ይታይሽ በር ላይ ቆመዋል። «በሰው ስልክ ነው የምትደውል» አሉ። «ዛሬ በዚህ ቁጥር፣ ነገ በዚያ። ለዚህ ነው ከውጭ የተደወለ ሁሉ የማነሳ። ሎተሪ ደርሶሻል የሚሉትንም አነሳለሁ። ‘እግዚአብሔር ይስጥልኝ’ ብዬ እዘጋለሁ። ባለፈው ወር ግን ሁለቴ በአንድ ቁጥር ደውላለች፤ አዲስ ጓደኛ አግኝታለች መሰለኝ።»

መጋረጃው ተገለጠ። «እማዬ!» አለች ማስተዋል። «በአንድ ቁጥር? ይኼንን መቼ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

«መቼ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

እኔ ይህን ጊዜ በዓለም ላይ የማውቀው ነገር ቢኖር ከውጭ አገር ጋር በርካሽ መገናኘት ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠለጠንኩት በእሱ ነው፤ ንቡ ትርፍ ነበር። የመሪጌታን ስልክ ተቀብዬ ቁጥሩን ፈለግሁና የማስተዋል ስልክ ላይ መዘገብነው። የሁለት ሴቶች ፎቶ ብቅ አለ። አንደኛዋን ሲያዩ እትየ ይታይሽ የበሩን መቃን ያዙ።

ደወልኩ፤ በቪዲዮ። የማላውቃት ሴት አነሳች፤ ገና «ከሞጣ» ስላት ስልኩን ይዛ በረጅም ኮሪደር ውስጥ እየሮጠች «አንጓች! አንጓች!» ትላለች። ግድግዳ ይሮጣል፣ በር ይሮጣል። ከዚያ እርጥብ እጇን በሽርጧ የምትጠርግ ልጅ ስልኩ ውስጥ ሞላች።

ስድስት ዓመት ያልተያየ ሰው ምን ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«ከሳሽ» አሉ እትየ ይታይሽ።

«አንቺ ነሽ የከሳሽ፣ እማዬ» አለች፤ ሁለቱም ማልቀስም መሳቅም ጀመሩ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉና፣ ድምፃቸው በአየር ብቻ ዐረብ አገር መድረስ ያለበት ይመስል፣ «ደህና ነሽ ወይ?» ብለው ጮሁ። ጎረቤት ወጣ።

«ደህና ነኝ፣ አባባ! ስልኩን የያዘው ማነው?»

ማስተዋል አንገቷን ደፋች። አያ ካሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእህትሽ እጮኛ ነው» አሉ መሪጌታ። እሺታቸውን የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለዐረብ አገር ነው የተነገረው።

አንጓች በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «ሠርጉ መቼ ነው? ቀኑን ንገሩኝ፤ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ቀኑን ካወቅሁ እመጣለሁ!»

መሪጌታ ቀና ብለው አያ ካሴን አዩት። «ምን ትጠብቃለህ? ቀን እንቁረጥ እንጂ!» አሉና ወደ ግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሄዱ። አጎቴም ተከተላቸው። ማስተዋልም ከኋላቸው ሆና ጣቷን ይዛ ትቆጥራለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። እጄን ዘርግቼ ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ከክንዴ እስከ ትከሻዬ ደንዝዟል።

«ከፍ አድርገው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ እትየ ይታይሽ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ። «ግንባሯ ተቆረጠብኝ።»

ከፍ አደረግሁት።